ሰማያዊዋ ነጥብ መንገድ አታውቅም፦ ፓርክ ውስጥ በስልክ ጂፒኤስ ሳይጠፉ መሄድ

ስልኬ ጂፒኤስ አለው፣ ካርታ ተጭኖበታል፣ ባትሪውም ሙሉ ነው። ታዲያ ምን እሆናለሁ ብዬ ነበር ጫካ የገባሁት። አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድኩ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። ስልኬን አወጣሁ። ሰማያዊዋ ነጥብ ቁልጭ ብላ ትታያለች፣ ዙሪያዋ ግን ባዶ ነው። መንገድ የለ፣ ወንዝ የለ፣ ስም የለ፤ ግራጫ ሜዳ ብቻ። ኔትወርክ ስላልነበረ ካርታው ሊመጣ አልቻለም። ስልኩ የት እንዳለሁ በደንብ ያውቃል፣ እኔ ግን አላውቅም። በቀኝ ያዝኩ። ተሳሳትኩ። ሁለት ሰዓት ባክኜ፣ ውሃዬን ጨርሼ፣ በመጣሁበት ተመለስኩ።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ቀላል ነው፤ ጂፒኤስ ሌላ፣ ካርታ ሌላ። ጂፒኤሱ ከሰማይ ይመጣል፣ ካርታው ከኢንተርኔት። ጫካ ውስጥ ጥሎን የሚጠፋው ሁለተኛው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ የእግር መንገድ በስልክ ሄጃለሁ፣ የምነግራችሁም በአብዛኛው ከስህተቴ የተማርኩትን ነው።

መጀመሪያ ስለ ነጥቧ

እንዴት እንደምትሠራ ትንሽ ማወቅ ኋላ ላይ ስትዋዥቅ ከመደናገጥ ያድናል። ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ 30 አካባቢ የጂፒኤስ ሳተላይቶች በቀን ሁለት ጊዜ ምድርን ይዞራሉ። እያንዳንዱ ያለማቋረጥ «እዚህ ነኝ፣ ሰዓቱም ይህ ነው» እያለ ያስተላልፋል። ስልካችሁ ለእነሱ ምንም አይልክም፤ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ምልክቱ እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ ወደ ርቀት ይለውጣል፣ ቢያንስ የ4 ሳተላይቶችን ምልክት ሲይዝ የቆማችሁበትን ቦታ ያወጣል። አራተኛው የሚያስፈልገው የስልኩን ሰዓት ለማረም ነው። ምልክቱ በብርሃን ፍጥነት ስለሚጓዝ፣ የአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ስህተት ብቻውን 300 ሜትር ያስታል። አሁን ያሉት ስልኮች ደግሞ ከአሜሪካው ጂፒኤስ ሌላ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮና የቻይናውን ቤይዱ ጭምር ስለሚሰሙ፣ ሰማዩ በከፊል ቢከለልም የሚይዙት አያጡም።

እንግዲህ ሲም ካርድ ባይኖርም፣ ዳታ ባይኖርም ነጥቧ ትሠራለች። ልዩነቱ ፍጥነቱ ላይ ነው። ኔትወርክ ሲኖር ስልኩ ሳተላይቶቹ በዚያ ሰዓት የት የት እንዳሉ የሚገልጸውን መረጃ ከኢንተርኔት ቶሎ ያመጣና በሰከንዶች ውስጥ ያገኛችኋል። ኔትወርክ ከሌለ ግን ያንኑ መረጃ ከሳተላይቶቹ ራሳቸው እየተንጠባጠበ ነው የሚቀበለው፣ ደቂቃዎች ሊፈጅበት ይችላል። ስለዚህ መግቢያው በር ላይ፣ ገና ኔትወርክ ሳለ፣ ካርታውን ከፍታችሁ ነጥቧ እስክትረጋ ጠብቁ። ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ስልኩን ካበራችሁት ደግሞ ገላጣ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙና ታገሱት፤ እያጠፉ ማብራት ከዜሮ ያስጀምረዋል እንጂ አያፈጥነውም።

በነጥቧ ዙሪያ የምታዩት ደብዘዝ ያለ ክብ ጌጥ አይደለም። «እዚህ ክብ ውስጥ የሆነ ቦታ ላይ ነህ» ማለቱ ነው። ሰማዩ ክፍት ሲሆን የስልክ ጂፒኤስ በአብዛኛው 5 ሜትር ገደማ ይስታል፣ ያ ለእግር መንገድ ከበቂ በላይ ነው። ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ፣ ገደል ሥር ወይም ቅጠሉ የተደራረበ ጫካ ውስጥ ግን ምልክቱ ከድንጋዩ ነጥሮ ዞሮ ይመጣል። ዞሮ የመጣ ምልክት ረጅም መንገድ ስለተጓዘ ስልኩ በርቀቱ ይሸወዳል። ያኔ ክቡ ይሰፋል፣ ነጥቧም እናንተ ቆማችሁ ሳለ ወንዝ ማዶ ዘላ ትገኛለች። አትከተሏት። ከገደሉ ፈቀቅ በሉ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ስጧት፣ ተመልሳ ትመጣለች።

ዋናው ሥራ ቤት ውስጥ ነው የሚያልቀው

ይህን ክፍል ዘለው የሚያልፉ ሰዎች አሉ። እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ፣ ውጤቱንም ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

አፕ ከመምረጥ እንጀምር። ጎግል ማፕስ ለከተማ አሪፍ ነው። ለተራራና ለጫካ ግን አልተሠራም ብላችሁ ያዙት። ካርታውን ቀድማችሁ ብታወርዱ እንኳ ኔትወርክ ሲጠፋ የመኪና አቅጣጫ እንጂ የእግር አቅጣጫ አይሰጣችሁም። ከዚያ የባሰም አለ። በ2021 እ.ኤ.አ. የስኮትላንድ የተራራ ወጪዎች ድርጅትና የአካባቢው የተፈጥሮ ጥበቃ ተቋም፣ ጎግል ማፕስ ለቤን ኔቪስ ተራራ የሚጠቁመው መስመር ሰው ሊገድል ይችላል ብለው አስጠንቅቀው ነበር። ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ነው፣ የብሪታንያ ከፍተኛው ተራራ። ካርታው ሰዎችን ለጫፉ በአየር ቅርብ ወደሆነው የመኪና ማቆሚያ ይልክና፣ ከዚያ እስከ ጫፍ ነጠብጣብ መስመር ያሰምርላቸዋል። ነጠብጣቡ የሚያልፈው ግን ለለመዱ ተራራ ወጪዎችም በሚያስቸግር ቀጥ ባለ ድንጋያማ ገደል ላይ ነው። ነጠብጣብ መስመር ብዙ ጊዜ «ከዚህ በኋላ መንገድ አላውቅም» ማለት መሆኑን ልብ በሉ።

የእግር መንገድ የሚያሳዩ አፖች አብዛኞቹ ካርታቸውን የሚወስዱት ከኦፕንስትሪትማፕ ነው። ይህ በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የሚሥሉት ነፃ ካርታ ነው። በእሱ ላይ ከተሠሩት ኦርጋኒክ ማፕስ ለጀማሪ የምመክረው ነው፤ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኦስምአንድ የበለጠ አቅም አለው፣ ግን ቅንብሩ ጫካ ነው፤ እሱን ለመልመድ ብቻ አንድ ቅዳሜ ይበላችኋል። ኦልትሬይልስ የሌሎችን አስተያየትና ፎቶ ስለሚያሳይ መንገድ ለመምረጥ ጥሩ ነው፣ ካርታ አውርዶ ያለ ኔትወርክ መጠቀም ግን የሚቻለው በክፍያ ነው። ፓርኩ የራሱን ካርታ በፒዲኤፍ ካወጣ ደግሞ፣ አቬንዛ የሚባለው አፕ ከቦታ መረጃ ጋር የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ላይ ነጥቧን ያስቀምጥላችኋል። ሁለት አፕ ያዙ። አንዱ ላይ የሌለ መንገድ ሌላው ላይ ሊኖር ይችላል፣ አንዱ ሲንገታገትም ሌላው ይተካል።

ስታወርዱ የምትሄዱበትን መንገድ ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ሰፋ አድርጋችሁ ያዙ። የሚጠፋ ሰው የሚጠፋው ካሰበው መስመር ውጭ ነዋ። አንዳንድ አፕ ላይ የከፍታ መስመሮቹ ለብቻቸው ነው የሚወርዱት፣ እነሱንም አትርሱ።

አሁን ፈተናው። ገና ቤት እያላችሁ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፣ ዋይፋዩንም አጥፉ። አፑን ዝጉትና እንደገና ክፈቱት። ፓርኩ ጋ ሂዱ፣ በጣም አቅርባችሁ እዩት። ቀጫጭን መንገዶቹ፣ ጅረቶቹ፣ ስሞቹ ከታዩ ወርዷል። ከራቀ የሚታየው ቀርቦ ሲታይ ከደበዘዘ አልወረደም። ይህች የሁለት ደቂቃ ፈተና እኔን ያን ቀን ከሁለት ሰዓት ብክነት ታድነኝ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏችኋል ይህ ነው።

ቅንብር ውስጥ ሁለት ነገር ደግሞ ተመልከቱ። አንደኛ፣ ለአፑ የሎኬሽን ፈቃድ ስትሰጡ «ትክክለኛ ቦታ» የሚለው መብራቱን አረጋግጡ። ከጠፋ አፑ የሚያየው ሰፈራችሁን እንጂ እናንተን አይደለም። ሁለተኛ፣ ባትሪ ቆጣቢው። ብዙ ስልኮች ስክሪኑ ሲጠፋ ከጀርባ የሚሠራውን አፕ ይገድሉታል፣ ስለዚህ ጉዟችሁን እየመዘገበ መስሏችሁ ሦስት ሰዓት ሄዳችሁ የተመዘገበው የመጀመሪያዎቹ 200 ሜትሮች ሆኖ ይገኛል። ለካርታው አፕ ብቻ የባትሪ ገደቡን አንሱለት።

መስመር ማዘጋጀትና ፒን መትከል

ከሌላ ሰው የተመዘገበ ጉዞ ማግኘት ከቻላችሁ በጂፒኤክስ ፋይል ነው የሚመጣው። ይህ ሁሉም አፕ ማለት ይቻላል የሚያነበው ተራ ፋይል ነው፤ ቦታዎችን፣ የታቀደ መስመርን ወይም በእግር የተሄደ ዱካን ይይዛል። ፋይሉን ስልኩ ላይ ከፍታችሁ ካርታው ላይ ታስገቡታላችሁ፣ ከዚያ ባለ ቀለም መስመር ሆኖ ይታያል። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ማን ሄደበት፣ መቼ? የሯጭ ዱካ ሊሆን ይችላል። ገመድ ይዞ የወጣ ሰው ዱካ ሊሆን ይችላል። ወንዙ ደርቆ በነበረበት ወቅት የተሻገረ ሰው ሊሆን ይችላል፣ እናንተ ስትደርሱ ደረት ይደርሳል። መስመሩን ከመከተላችሁ በፊት ከወረደው ካርታ ጋር አስተያዩት። ካርታው ላይ መንገድ በሌለበት ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ ከሆነ እሱን ቦታ ተጠራጠሩት።

ፋይል ባታገኙም ችግር የለም። ፒን፣ ማለትም ካርታው ላይ የቦታ ምልክት፣ ትከሉ። የመጀመሪያው ፒን መኪና የቆመበት ወይም የመግቢያው በር ነው፤ ይህን ሁሌ፣ ያለ ምንም ስንፍና አድርጉ። ቀጥሎ መንገድ የሚገነጠልባቸው ቦታዎች፣ ውሃ ያለባቸው፣ መሻገሪያ ድልድዮች። ከዚያ ደግሞ ሰው የማያስበው አለ፤ በግማሽ ቢደክማችሁ ወይም ዝናብ ቢመጣ የምትወጡበት አጭር መንገድ። ለፒኖቹ ስም ስትሰጡ ትእዛዝ አድርጋችሁ ስጧቸው። «መገንጠያ 2» ከማለት «እዚህ በግራ፣ ወንዙን ሳትሻገር» ማለት ይሻላል። ደክሟችሁ፣ ላብ ዓይናችሁ ውስጥ ገብቶ ስታነቡት ልዩነቱ ይገባችኋል።

ዳገቱን ሳትወጡት ማንበብ

ስልክ ላይ ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ነው። «400 ሜትር ቀርቷል» ሲላችሁ ደስ ይላችኋል፣ ያ 400 ሜትር ግን የግማሽ ሰዓት ዳገት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ኮንቱር የሚባሉት ቀጫጭን የከፍታ መስመሮች የሚያስፈልጉት። አንዱ መስመር ላይ ያለ ቦታ ሁሉ እኩል ከፍታ አለው። ከአንዱ መስመር ወደ ቀጣዩ ያለው የከፍታ ልዩነት ደግሞ ቋሚ ነው፤ 20 ሜትር ከሆነ፣ አምስት እርከን ስትወጡ 100 ሜትር ወጣችሁ ማለት ነው። መስመሮቹ ተራርቀው ከተኙ ሜዳ ነው። ከተጠጋጉ ዳገት ነው። ተደራርበው አንድ ጥቁር መስመር ከመሰሉ ገደል ነውና በዚያ በኩል አቋራጭ አትፈልጉ። መስመሮቹ ሹል ሠርተው ሹሉ ወደ ከፍታው ካመለከተ ያ ሸለቆ ነው፣ ብዙ ጊዜም ውሃ ይወርድበታል። ሹሉ ወደ ታች ካመለከተ ሸንተረር ነው። ይህን አንዴ ከለመዳችሁት ካርታው ከጠፍጣፋ ስዕልነት ወጥቶ ኮረብታ ሆኖ ይታያችኋል። እኔ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብዬ የማላውቃቸውን ተራሮች ካርታ እያየሁ ነው የተለማመድኩት፣ ጎረቤቴ የተቀመጠው ሰው ምን እንዳሰበ እንጃ።

ስንት ሰዓት ይፈጅብኛል ለሚለው ደግሞ አንድ አሮጌ ስሌት አለ። ዊሊያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ለያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ቁጠሩ፣ ለያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት ጨምሩ። 10 ኪሎ ሜትር ርቀትና 600 ሜትር ዳገት ያለው ጉዞ ሁለትና አንድ፣ ሦስት ሰዓት ይሆናል። ይህ ግን ጠንካራ ሰው፣ ሳያርፍ፣ ፎቶ ሳያነሳ ነው። ልጆች ወይም ጀማሪ ካለ እኔ ግማሹን እጨምራለሁ፣ አራት ሰዓት ተኩል ማለት ነው። አፑ የሚሰጣችሁን የሰዓት ግምት በዚህ አስተያዩት፤ አንዳንዱ አፕ ዳገት የሚባል ነገር መኖሩን የሰማ አይመስልም። ከዚያ ፀሐይ የምትጠልቅበትን ሰዓት እዩና ወደ ኋላ ቆጥራችሁ የመመለሻ ሰዓት ወስኑ። ያ ሰዓት ሲደርስ የትም ሁኑ የት ተመለሱ።

ባትሪ

ባትሪን የሚበላው ጂፒኤሱ ነው ይባላል። ይበላል፣ ግን ዋናዎቹ ሌቦች ሁለት ናቸው፤ ስክሪኑና ኔትወርክ ፍለጋው። ኔትወርክ በሌለበት ስልኩ ምሰሶ እየፈለገ ኃይሉን ያፈሳል። ኤርፕሌን ሞድ ስታደርጉት ይህ ይቆማል፣ ጂፒኤሱ ግን በአብዛኞቹ የዛሬ ስልኮች ላይ መሥራቱን ይቀጥላል። የእናንተ ስልክ ላይ መቀጠሉን ቤት ውስጥ ያደረጋችሁት ፈተና ይነግራችኋል፣ መስኮት ጋ ሆናችሁ ነጥቧ መምጣቷን እዩ። ሌላው፣ ስክሪኑን ሁሌ አብርቶ መያዝ አያስፈልግም። ምዝገባው ስክሪኑ ጠፍቶም ይሠራል፣ እናንተ ማየት ያለባችሁ አልፎ አልፎ ነው። ብርድ ሲሆን ስልኩን ከውጭኛው የቦርሳ ኪስ አውጡና ሰውነታችሁ አጠገብ ያዙት፤ የሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ አቅሙ ይወርዳል፣ 30 በመቶ እያሳየ ድንገት ድርግም ሊል ይችላል። ፓወር ባንክ ያዙ፣ ገመዱንም። ገመዱን የማነሳው ረስቼው ስለማውቅ ነው። ዝናብ ከመጣ ደግሞ እርጥብ ስክሪን ጣት አይሰማም፤ ስስ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከተታችሁት ግን ከላይ ሆናችሁ ትነኩታላችሁ።

መንገድ ላይ

በሩ ላይ የተሰቀለ የፓርኩ ካርታ ካለ ፎቶ አንሱት። የተዘጉ መንገዶች፣ የፓርኩ ጠባቂዎች ስልክና የመዝጊያ ሰዓት ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያሉት፣ አፕ ላይ አይገኙም። ከዚያ ምዝገባውን ጀምሩ። መስመር ባትከተሉም ጀምሩ፣ ምክንያቱም የተመዘገበው ዱካችሁ ወደ ኋላ የሚመልሳችሁ ክር ነው።

ካርታውን መቼ ነው ማየት ያለባችሁ? ሳትጠፉ። ይህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ትይዛላችሁ ከተባለ ይህንን ያዙ። አብዛኛው ሰው ስልኩን የሚያወጣው ግራ ሲገባው ነው፣ ያኔ ግን ከተሳሳተ ምናልባት አንድ ኪሎ ሜትር ሆኖታል። መገንጠያ ባያችሁ ቁጥር ቁሙ፣ እዩ፣ ምረጡ። ከመረጣችሁ በኋላ 50 ሜትር ያህል ሂዱና እንደገና እዩ፤ ነጥቧ የፈለጋችሁት መስመር ላይ ናት? ሁለት መንገዶች ሲለያዩ መጀመሪያ ላይ በጣም ስለሚቀራረቡ፣ መገንጠያው ላይ ቆማችሁ ነጥቧ የትኛው ላይ እንዳለች መለየት አትችሉም። 50 ሜትር ላይ ግን ይታያል። መሳሳታችሁን ካያችሁም የምትመለሱት 50 ሜትር ብቻ ነው። አንዳንድ አፕ ከመስመር ስትወጡ የሚጮህ ማንቂያ አለው፣ አብሩት።

ወደየት እንደዞራችሁ ማወቅ ደግሞ የት እንዳላችሁ ከማወቅ የተለየ ነገር ነው። ከነጥቧ የሚወጣው ጨረር አቅጣጫን የሚያሳየው በስልኩ ኮምፓስ ነው፣ ያ ኮምፓስ ደግሞ ማግኔት ነው የሚለካው። ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋን፣ የመኪና በር፣ ፓወር ባንኩ ራሱ ሊያሳስተው ይችላል። ጨረሩ ከተንገዋለለ ሽፋኑን አውልቁና ስልኩን አየር ላይ የ8 ቁጥር ቅርጽ እያሠራችሁ ጥቂት ጊዜ አዙሩት። አሁንም ካላመናችሁት በጣም ቀላል ዘዴ አለ፤ 20 እርምጃ ወደፊት ሂዱና ነጥቧ በየት በኩል እንደተንቀሳቀሰች እዩ። መንቀሳቀሷ አይዋሽም። ከዚህ ሌላ ካርታው ሁልጊዜ ሰሜን ወደ ላይ እንዲሆን ነው ወይስ ከእናንተ ጋር እንዲዞር የሚለውን አንዱን ምረጡና እሱን ልመዱ። እኔ ሰሜን ወደ ላይ እወዳለሁ፣ የምሽከረከረው እኔ እንጂ ካርታው እንዳይሆን። ጀማሪዎች ግን የሚዞረው ይቀላቸዋል።

ካርታውና መሬቱ ሲጣሉ መሬቱን እመኑ። ድልድዩ በጎርፍ ተወስዶ ሊሆን ይችላል፣ መንገዱ እንዲያገግም ተብሎ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፣ ወይም መጀመሪያውኑ ከብት ያወጣው መንገድ ሆኖ አንድ በጎ ፈቃደኛ ከሳተላይት ፎቶ ላይ አይቶ ሥሎት ሊሆን ይችላል። ፓርኩ «ዝግ ነው» ብሎ ምልክት ከሰቀለ ስልኩ አረንጓዴ መስመር ቢያሳይም ዝግ ነው። አሜሪካ ውስጥ በዴዝ ቫሊ ብሔራዊ ፓርክ ያሉ ጠባቂዎች፣ ስልካቸውን ወይም የመኪናቸውን ጂፒኤስ አምነው በረሃ ውስጥ ለቀሩ ሰዎች «በጂፒኤስ መሞት» የሚል ስም እስከማውጣት ደርሰዋል። እዚያ ለዓመታት መኪና ያልሄደባቸው መንገዶች ካርታ ላይ ደህና መንገድ መስለው ይታዩ ነበር። እየሄዳችሁ መንገዱ እየቀጠነ፣ ሣሩ እየበዛ፣ የሰው ኮቴ እየጠፋ ከመጣ፣ ነጥቧ መስመሩ ላይ ብትሆንም ቆም ብላችሁ አስቡ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዓይናችሁን ስክሪኑ ላይ ተክላችሁ አትሂዱ። ማየት ካማራችሁ ቁሙ።

ከጠፋችሁ

ቁጭ በሉ። በእውነት፣ ድንጋይ ፈልጉና ቁጭ በሉ፣ ውሃ ጠጡ። «ትንሽ ልሂድና ልየው» የሚለው ሐሳብ ነው ሰውን የሚያጠፋው። በ2009 እ.ኤ.አ. በጀርመን የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪ ያን ሱማንና ባልደረቦቹ ሰዎችን ጫካና በረሃ ውስጥ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ ብለው አካሄዳቸውን በጂፒኤስ ተከታትለው ነበር። ፀሐይ እያዩ የሄዱት ቀጥ ብለው ሄዱ ማለት ይቻላል። ደመና በሸፈነው ቀን ጫካ የገቡት ግን ቀጥ ብለን እየሄድን ነው እያሉ ዞሩ፣ የራሳቸውን መንገድ መልሰው ያቋረጡም ነበሩ። ስሜታችሁ «በዚህ በኩል ነው» ሲላችሁ ይህን አስታውሱ።

ቁጭ ካላችሁ በኋላ የተመዘገበውን ዱካችሁን ክፈቱ። በመጣችሁበት መመለስ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የተሻለው መውጫ ነው፣ ቢረዝምም። ካርታው ላይ በቅርብ ያለ መንገድ ቢታይም በመካከል ስንት የከፍታ መስመር እንዳለ ሳትቆጥሩ አቋራጭ አትግቡ።

መውጣት ካልቻላችሁ ወይም ሰው ከተጎዳ፣ ኤርፕሌን ሞዱን አጥፉና የአገሩን የአደጋ ጊዜ ቁጥር ደውሉ፤ በብዙ አገሮች 112 ይሠራል። የእናንተ ኔትወርክ ባይኖርም ስልኩ የሌላ ኩባንያ ምሰሶ ካገኘ የአደጋ ጥሪን በእሱ ሊያሳልፍ ይችላል። ጥሪ አልሄድ ካለ ከፍ ያለ ገላጣ ቦታ ላይ ሆናችሁ ቴክስት ላኩ፤ ቴክስት ከጥሪ በደካማ ምልክት ይሾልካል። ከአይፎን 14 ጀምሮ ያሉት አይፎኖች በሳተላይት የአደጋ መልእክት መላክ ይችላሉ፣ ግን አገልግሎቱ የሚሠራው በተወሰኑ አገሮች ብቻ ነውና ከመሄዳችሁ በፊት አጣሩ።

ስትደውሉ የሚፈለገው ኮኦርዲኔታችሁ፣ ማለትም ያላችሁበትን ቦታ የሚገልጹት ቁጥሮች፣ ነው። ነጥቧን ተጭናችሁ ስትይዙ ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ። ጮክ ብላችሁ፣ በቅደም ተከተላቸው፣ ነጥቡን «ነጥብ» እያላችሁ አንብቡ። የመጀመሪያው የሰሜን ደቡብ፣ ሁለተኛው የምሥራቅ ምዕራብ ነው፤ ብታገላብጧቸው ሌላ ቦታ፣ ምናልባትም ሌላ አህጉር ላይ ናችሁ። ከነጥቡ በኋላ ያለው የመጀመሪያ አሃዝ በአንድ ቢሳሳት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ይስታል፣ ሦስተኛው አሃዝ 110 ሜትር ገደማ ነው። አምስት አሃዝ አንብባችሁ አቁሙ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ከስልኩ አቅም በላይ ነው። አንዳንድ አፕ ደግሞ በዲግሪ፣ ደቂቃና ሰከንድ ይጽፈዋል፤ እንደዚያ ከሆነ «ዲግሪ፣ ደቂቃ» እያላችሁ አንብቡት፣ ሰሚው እንዳያቀላቅለው። አንብባችሁ ስትጨርሱ መልሶ እንዲያነብላችሁ ጠይቁት። ከደወላችሁ በኋላ ከቦታችሁ አትነሱ፤ የሚመጡት የነገራችኋቸው ቁጥር ላይ ነው። ፊሽካ ካላችሁ በደቂቃ ስድስት ጊዜ ንፉ፣ አንድ ደቂቃ አርፉ፣ ድገሙ። ይህ በተራራ ላይ የታወቀ የድረሱልኝ ምልክት ነው።

ሲመለሱ

ከመሄዳችሁ በፊት «እዚህ ገባሁ፣ በዚህ ሰዓት እደውላለሁ» ያላችሁት ሰው ይኖራል፤ ከሌለ በሚቀጥለው ጊዜ ይኑር፣ የመስመራችሁን ስክሪንሾትም ላኩለት። በሩ ጋ እንደደረሳችሁ መጀመሪያ ለእሱ «ወጥቻለሁ» ብላችሁ ጻፉለት፣ እየጠበቀ ነው።

የተመዘገበው ርቀት ካሰባችሁት በለጥ ብሎ ቢመጣ አትገረሙ። ነጥቧ ስትዋዥቅ እያንዳንዷ ዝላይ እንደ እርምጃ ትቆጠራለች፣ ምሳ የበላችሁበት ቦታ ደግሞ ሕፃን የሞነጫጨረው መስሎ ታገኙታላችሁ። ከፍታውም እንደዚሁ፤ ጂፒኤስ ከፍታን ከርቀት ይልቅ በባሰ ስህተት ነው የሚለካው። ድልድዩ ፈርሶ ካያችሁ ወይም መንገዱ ካርታው ላይ በሌለበት ካለፈ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ገብታችሁ አስተካክሉት፣ ማንም ሰው አካውንት ከፍቶ ማረም ይችላል። እና መኪና ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ምዝገባውን አቁሙ። እኔ ረስቼ አፑ በእግር በሰዓት 74 ኪሎ ሜትር ሮጠሃል ብሎ እንኳን ደስ አለህ ብሎኛል።